የኦቲሊየ ዘዴ

መቼም ሰው ቀናሁ ብሎ ራሱን አያማም። አፀደም ብትጠየቅ የሚያሳስበኝ የጌታ ሥራ ነው ባለች ነበር። ነገር ግን ያን ዓመት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1985፣ ከገና እስከ ፋሲካ አንጀቷን ሲበላት የከረመው የጌታ ሥራ አልነበረም። ስሂን የምትባል የአንዲት ልጅ ጉሮሮ ነበር።

አፀደ በአሜሪካ አገር፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ የአማርኛ ጉባኤ የመዘምራን መሪ ናት። ጉባኤው የራሱ ቤት የለውም። አሜሪካኖቹ የእሑድ አምልኳቸውን ጨርሰው መኪናቸውን ከፓርኪንግ ሎቱ ሲያወጡ፣ የኛዎቹ በጎን በር ወደ ቤዝመንቱ ይወርዳሉ፤ ተጣጣፊ ወንበር ይዘረጋሉ፤ ጋሽ ዋቅጅራ አኮርዲዮናቸውን ከሻንጣው ያወጣሉ። ጉባኤው ገና በሰው ሳሎን ይሰበሰብ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ሶሎ፣ ብቻውን ቆሞ የሚዘምር፣ ማለት አፀደ ናት። ማንም አልሾማትም። ድምፅ የነበራት እሷ ብቻ ነበረች፣ አለቀ። ከአቅራቢያው ከተሞች፣ ከበርክም ከጀርመንታውንም፣ ሠርግ የደገሰ፣ ልቅሶ የገጠመው ሁሉ ኮል ያደርግና እኅት አፀደ ትምጣልን ይላል። ባሏ ወንድይራድ ታክሲ ነጂ ነው፤ በየሠርጉ ሲያደርሳት፣ እኔ እኮ የዘማሪት ሾፌር ነኝ እያለ ያሾፋል። ተው እንጂ ትለዋለች፤ ግን ደስ ይላታል። ምን ይደበቃል፣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የእሷን ድምፅ ሲሰማ ማየት ከምግብ ይበልጥባታል።

በሥራ ቀን ሌላ ሰው ናት። በሜትሮ ባቡር ከወንዝ ማዶ ወዳለችው ከተማ፣ ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ወርዳ ሚስስ ሆልትካምፕ የሚባሉ ጀርመናዊት አሮጊት ትረዳለች፤ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ መድኃኒታቸውን ታስታውሳለች። ሚስስ ሆልትካምፕ በደህና ዘመናቸው የድምፅ አስተማሪ ነበሩ፤ ሰው መዝፈንን ትምህርት ቤት ገብቶ እንደሚማር አፀደ የሰማችው ከሳቸው ነው። አንድ ቀን ሳህን እያጠበች ስታዜም አሮጊቷ ሳሎን ሆነው በከዘራቸው ወለሉን መቱ። የወደቁ መስሏት ሮጠች። እሳቸው ግን ከወንበራቸው ሳይነሡ እስቲ ያን ድገሚው አሏት። ከዚያን ቀን ወዲህ ከምሳ በኋላ ትምህርት ሆነ። ትከሻሽን አውርጂ፣ ትንፋሹን ከሆድሽ አምጪው፣ አትጩኺ፣ ድምፁ ራሱ ይሂድ። አንድ ጊዜ በጣም ሲደሰቱ "የኔ ኦቲሊየ" ብለው ጠሯት። አፀደ ያቺን ቃል ለወንድይራድ እንኳ ሳትነግር በልቧ ይዛት ዞረች።

ኦቲሊየ ከፒያኖው በላይ የተሰቀለችው ትልቅ ሥዕል ናት፤ የተራቆተ ትከሻ፣ ወፍራም አንገት፣ ማንንም የማይፈራ ዓይን። ኦቲሊየ ብራንትሆፍ፣ የሚስስ ሆልትካምፕ አያት፣ ከመቶ ዓመት በፊት በጀርመን አገር በአንድ ኦፔራ ቤት አንደኛዋ ሶፕራኖ፤ ማለትም ከሴቶቹ ሁሉ በላይኛውና በቀጭኑ ድምፅ የምትዘፍነው። አሮጊቷ ታሪኳን መናገር አይሰለቻቸውም፤ አፀደም መስማት አይሰለቻትም።

የሉካንዳ ነጋዴ ልጅ ነበረች። አባቷ ሥጋ እየቆረጠ ሲያንጎራጉር እሷ ከኋላ እየተቀበለች ታዜም ነበር። ሥጋ ሊገዛ የገባ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ሰማትና፣ ይቺን ልጅ ካላስተማርካት ኩነኔ ትገባለህ ብሎ አባትየውን መውጫ መግቢያ አሳጣው። ተማረች። ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ዋናዋ ዘፋኝ ታማ በቀረችበት ምሽት፣ ወገቡ በመርፌ ቁልፍ በተያዘ የሰው ቀሚስ መድረክ ወጣች፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ሰዉ ወደ ቤቴ አልሄድም አለ። በሌላ ጊዜ ተማሪዎች ፈረሶቹን ከሠረገላዋ ፈትተው ራሳቸው እየጎተቱ ቤቷ አደረሷት። ለንደን ዘፈነች፤ ፒተርስበርግ ዘፈነች፤ መኳንንት አምባር አጠለቁላት። ያገባችው ዘፋኝ ነበር፤ የሚጨበጨብላት ሁሉ ከሱ ላይ የተነጠቀ እየመሰለው ዕድሜ ልኩን ሲቀናባት ኖረ። ከሦስት ልጆቿ ሁለቱን ቀበረች፤ ሁለተኛውን በቀበረች በሳምንቱ መድረክ ላይ ልጇን የምታስተኛ እናት ሆና ዘፈነች፤ ኮንትራት ኮንትራት ነውና። አሮጊቷ እዚህ ላይ ሲደርሱ አፀደ ሁልጊዜ ታለቅሳለች። የኦቲሊየን ታሪክ የራሷ ዘመድ ታሪክ አድርጋ ይዛዋለች።

ስሂንን እዚያ ቤት ያስገባቻት ደግሞ ራሷ አፀደ ናት፤ የሚያንገበግበውም ይሄ ነው። ልጅቷ የሩቅ ዘመድ ናት፤ ሃያ ዓመት ቢያልፋት በጥቂት ነው። ከካርቱም ስትመጣ ኤርፖርት የተቀበለቻት አፀደ፣ ሳሎኗ ውስጥ ያስተኛቻት አፀደ፣ ካፖርት ያለበሰቻት አፀደ፣ ከመዘምራን ጋር የቀላቀለቻት አፀደ። በገና ሰሞን የአሮጊቷን መስኮቶች በማጽዳት እንድታግዛት ይዛት ሄደች። ስሂን መሰላል ላይ ቆማ መስታወት እየወለወለች ለራሷ አንድ መዝሙር ብታንጎራጉር፣ ከዘራው ወለሉን መታ። ሚስስ ሆልትካምፕ ልጅቷን ፒያኖው አጠገብ አቁመው አንድ ድምፅ ነኩና አዚሚው አሏት፤ ቀጥሎ ከፍ ያለውን፤ ቀጥሎ ደግሞ ከዚያ የበለጠውን። ልጅቷ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ዝም ብላ ወጣች። አሮጊቷ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ወደ አፀደ ዘወር አላሉም። ያዩት የኦቲሊየን ሥዕል ነው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርቱ የስሂን ሆነ። አፀደ ማዕድ ቤት ሆና ትሰማለች። ልጅቷ ወደ ላይ ስትወጣ አንድ ቦታ አለ፣ እዚያ ሲደርሱ አሮጊቷ እጃቸውን ከፒያኖው ያነሡና፣ እዚህ ገና ነሽ፣ አትግፊው፣ ይሰበርብሻል ይሏታል። አፀደ ያን ቦታ በጆሮዋ ለየችው። አንድ ቅዳሜ ደግሞ "የኔ ኦቲሊየ" የሚለውን ቃል ለልጅቷ ሲሉ ሰማች። ያን ቀን ሾርባው ጨው በዛበት፤ አሮጊቷም እንደ ደግ ሰው ዝም ብለው ጠጡት።

ቅናት አንዴ በር ከከፈቱለት ወንበር ሳቡልኝ አይልም፣ ራሱ ይቀመጣል። ስሂን ስትስቅ ሳቋ ያበሳጫታል። ስታዛጋ እንኳ ድምፁ የሚያምርባት ይመስላታል። ጠዋት ሻወር ቤት ሆና ስትዘምር ወንድይራድ ቡናውን ይዞ ሲያዳምጥ ታየውና፣ ሥራ የለህም እንዴ ብላ ትጮህበታለች። እሱ የዋህ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚያናድዳት ግራ ገብቶት ካልሲውን ያጠልቃል።

ሁሉ ቀርቶ የካሴቱ ነገር ባይመጣ ምናልባት በዚሁ ያልፍ ነበር። የጉባኤው መዘምራን ካሴት ቁጥር አንድን ሊያወጡ ተነሡ። ጋሽ ዋቅጅራ ስለ ባዶው መቃብር አንድ መዝሙር ደርሰዋል፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ "ተነሥቷል" የምትል ቃል አለች፣ ድምፁ እዚያ ላይ ዘሎ ይወጣል። ለፋሲካ ይህን በሶሎ የሚዘምር ሰው ካሴቱም ላይ የሚቀረጸው እሱ እንዲሆን ተወሰነ። እንዲህ ያለ ካሴት የማይደርስበት የት አለ? በሻንጣ አዲስ አበባ ይገባል፤ ለንደን ይሄዳል፤ ሰው ሞቶ እንኳ ድምፁ ይቀራል። አፀደ ገና ሳይነገራት ራሷን አዘጋጅታ ነበር። ፓስተር በፈቃዱ ግን ተነሥተው፣ ለወጣቶቻችን ዕድል እንስጥ፣ ጌታ በእኅት ስሂን የሰጠንን ጸጋ አንቅበር፣ እኅት አፀደም እናቷ ናትና ታስተምራታለች አሉ። ከሁሉ ቀድማ ከሁሉ ጎልታ "አሜን" ያለች አፀደ ናት። እናቷ መባሏ ደግሞ ለብቻው አቃጠላት፤ ገና አርባ ሦስት ዓመቷ ነው።

በሕማማት ሳምንት እሮብ ቀን ሚስስ ሆልትካምፕ ያን ጊዜ ድረስ ያልነገሯትን የኦቲሊየን ታሪክ ነገሯት። ኦቲሊየ ወደ አርባ ስትጠጋ፣ ሊና የምትባል አንዲት ከተራራ አገር የመጣች ልጅ ኦፔራ ቤቱ ውስጥ ተቀጠረች። ሰዉ ስለ ሊና ማውራት ጀመረ፤ አበባው ወደ ሊና ክፍል መሄድ ጀመረ። ኦቲሊየ አልተጣላችም፣ አላማችም። ወደ ሙዚቃው መሪ ሄዳ፣ ለዚች ልጅ የዘፈኑን መነሻ ድምፅ ከፍ አድርግላት፣ ያምርባታል አለችው። እሱም አደረገ። ልጅቷ መሐሉ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ከዳት፤ አዳራሹ በሳቅና በፉጨት ተሞላ፤ በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ተራራዋ ተመለሰች። አሮጊቷ ይህን ሲናገሩ ሳቅ ሳቅ እያላቸው ነው፣ ኦቲሊየ እንዲህ ያለች ጉደኛ ነበረች እንደ ማለት። ታሪኩ ገና አልቆ አልነበረም። አፀደ ግን ሜትሮው ያመልጠኛል ብላ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። የሚያስፈልጋትን ሰምታለች።

የፋሲካ ዕለት ቤዝመንቱ ጢም አለ። ሚስስ ሆልትካምፕም ተማሪዬን ልስማ ብለው በወንድይራድ ታክሲ መጡና፣ ባርኔጣቸውን እንደደፉ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ተማሪዬን አሉ እንጂ ተማሪዎቼን አላሉም፤ አፀደ ይቺንም ቆጠረችባቸው። መዘምራን ሊወጡ ሲሉ ጋሽ ዋቅጅራን ኮሪደር ላይ ለብቻቸው ያዘቻቸውና ኪውን፣ የመዝሙሩን መነሻ ድምፅ፣ ሁለት ደረጃ ከፍ ያድርጉት አለቻቸው። ሽማግሌው ግራ ገባቸው። ትናንት የተለማመድነው በሌላ አይደለም ወይ፣ ልጅቷስ ትችለዋለች ወይ አሉ።

"ራሷ ናት ያለችው" አለች አፀደ።

ውሸቱ ከአፏ ሲወጣ ምንም አልከበዳትም። ጋሽ ዋቅጅራም እሺ ብለው የአኮርዲዮኑን ማንገቻ አስተካከሉ። አፀደ በመድረኩ ጥግ፣ ከስሂን በስተቀኝ ቆመች፤ የመሪ ቦታ ነው። አኮርዲዮኑ መግቢያውን ሲጀምር ስሂን ደንግጣ ዘወር ብላ አየቻት። አፀደ በርቺ ብላ ራሷን ነቀነቀችላት። ልጅቷም አምናት ጀመረች።

ጉድ የሆነው መጀመሪያው ነው። ከፍ ያለው ኪ ለታችኛው ስንኝ ተስማማው፤ ድምፁ ጠራ፤ እማማ ካሰች ከፊት ረድፍ ገና ካሁኑ መሐረባቸውን አወጡ። ልትችለው ነው ማለት ነው አለች አፀደ በልቧ። "ተነሥቷል" ላይ ስትደርስ ልጅቷ ዘለለች፣ ደረሰችበትም። ሁለተኛው ዙር ላይ ግን፣ አሮጊቷ እዚህ ገና ነሽ የሚሏት ቦታ ላይ፣ ድምፅዋ ለሁለት ተሰነጠቀና ጠፋ። አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ፊቷ ቀላ፤ ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አፀደ ለቅጽበት በኦቲሊየ ታሪክ የሰማችውን ሳቅና ፉጨት ጠበቀች።

ኦፔራ ቤት መስሏት ነበር። በዚህ ጉባኤ ዘማሪ መሐል ላይ ዝም ካለ ተሳሳተ አይባልም፤ መንፈስ ነካው ነው የሚባለው። እማማ ካሰች "ኢየሱስ" ብለው አነቡ። ከኋላቸው ያለው ረድፍ ተነሣ፤ ከዚያም ቤቱ በሙሉ ተነሣ። እጅ ተዘረጋ፣ ለቅሶ ሆነ፣ ፓስተር በፈቃዱ በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ከሠርግ በቀር ቤተ ክርስቲያን የማይገባው ጎረምሳ ሳይቀር ዓይኑን ይጠርጋል። ስሂን ደግሞ መሐላቸው ቆማ በእፍረት ትንሰቀሰቃለች፤ ያለቀሰች ቁጥር ጉባኤው ይብስበታል። እንዲህ ያለ ፋሲካ ሲልቨር ስፕሪንግ አይቶ አያውቅም።

ዘማሪ መንፈስ ሲነካው ደግሞ ከጎኑ የቆመው መዝሙሩን ያነሣለታል፤ ደንብ ነው። ጋሽ ዋቅጅራ አኮርዲዮኑን እየጎተቱ በዓይናቸው አፀደን ጠሯት። ሁሉም አያት። ስታልመው የከረመችው ነገር በእግሩ መጣላት፤ የተንበረከከ ጉባኤ፣ የተሰበረ ልብ፣ ባዶ የሆነ ቦታ። ዓይኗን ጨፍና አነሣችው። ቆንጆ አድርጋ ጀመረችው፤ ሁለቱን ስንኝ በሚገባ ወሰደችው። ሦስተኛው ላይ "ተነሥቷል" ብላ ልትወጣ ስትል ግን ድምፅዋ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጥ ብሎ ቀረ። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይላል የአገሯ ሰው። እሷ አርቃ የቆፈረችው ለሃያ ዓመት ልጅ ነበር፤ የራሷ ቁመት እንደማይደርስበት አላሰበችም። ጉባኤው ይሄን ጊዜማ መሬት ላይ ተደፋ፤ እናትና ልጅ አንድ ላይ ተነኩ ብሎ። ስሂን እጇን ፈልጋ ያዘቻት፤ አጥብቃም ያዘቻት። መዝሙሩን የጨረሰው ሕዝቡ ነው፣ ሁሉም በየድምፁ።

በሩ ላይ ሰዉ ተራ እየጠበቀ አፀደን አቀፋት። ሚስስ ሆልትካምፕ ብቻ ሳያቅፏት ከዘራቸውን ይዘው ታክሲው ውስጥ ገቡ።

ሰኞ ዕለት አሌክሳንድሪያ ስትደርስ አሮጊቷ ጠረጴዛ ላይ ጠበቋት። ያን ሁሉ ሕዝብ ያስለቀሰውን አልጠየቁም፤ ኪውን ማን ነው ከፍ ያደረገው ብለው ነው የጠየቁት። አፀደ ወደ ማጠቢያው ዞራ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። አሮጊቷም፣ እሮብ ዕለት ሳትሰሚው የሄድሽው አለ፣ ቁጭ በይ አሏት። ሊና ከዓመታት በኋላ ከተራራዋ ተመለሰች። ድምፅዋ ጠንክሮ፣ ያንኑ ዘፈን፣ እዚያው ኦፔራ ቤት፣ በዚያው ከፍ ባለው ኪ ዘፈነችው። ኦቲሊየ ያን ጊዜ መድረክ ትታ ነበር። ነገር ግን ሊና በዘፈነችበት ምሽት ሁሉ ከላይ ካሉት ወንበሮች በአንዱ ትቀመጣለች፤ አንድም ምሽት አልቀረችም፣ አንድም ጊዜ አላጨበጨበችም።

ታዲያ ለምን ትሄድ ነበር አለች አፀደ።

"እኔም ልጅ ሆኜ ጠይቄያታለሁ" አሉ አሮጊቷ። "ከእኔ በቀር ማን በደንብ ይሰማታል አለችኝ።"

ያን ዕለት ትምህርት አልነበረም። አፀደ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሥዕሏን ላለማየት ጀርባዋን ሰጥታ አቧራ ጠረገች።

በሚቀጥለው የመዘምራን ልምምድ ፓስተር በፈቃዱ ስለ ካሴቱ ሊነጋገሩ መጡ። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ስሂን እጇን አወጣች። ሶሎው የእትዬ አፀደ ይሁን፣ እኔ ስወድቅ ያነሡኝ እሳቸው ናቸው፣ መዝሙሩ የሳቸው ነው አለች። መዘምራኑ አሜን አሉ። ፓስተሩም ደስ አላቸው። በቃ፣ እንዲህ በቀላሉ፣ ካሴቱ በአፀደ እጅ ገባ።  እሺ ጌታ ይርዳኝ አለችና፣ ኪውን ግን ጋሽ ዋቅጅራ ወደ ድሮው ቢመልሱት ይሻላል ብላ ቀለል አድርጋ ተናገረች።

እንዴት ሆኖ? መዘምራኑ ተንጫጩ። ጌታ የባረካትን ኪ ሰው አይለውጣትም አሉ። እዚያች ላይ አይደለም ወይ መንፈስ የወረደው? ፓስተሩም በዚያው ይሁን፣ ምዕመኑም የሚጠብቀው እንደዚያው ነው አሉ። አፀደ ባዶ ቤቷ ውስጥ ሞክራዋለች፤ እንደማትደርስበት ታውቃለች። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ከፍ ይላል፣ ለሰው ጉሮሮ የሚሆን አይደለም ብላ አጥብቃ ተከራከረች፤ ድምፅዋም ጨመረ። ይሄን ጊዜ ጋሽ ዋቅጅራ፣ ነገር የማያውቁ ቅን ሽማግሌ፣ አኮርዲዮናቸውን ከጉልበታቸው ላይ አውርደው ቀና አሉ።

"እኔም እኮ ከፍ ይላል ብዬሽ ነበር፤ ስሂን ራሷ ናት ከፍ ይበል ያለችው ብለሽኝ አይደል?"

 ሰው ሁሉ ወደ ስሂን ዞረ። ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም፤ ጋሽ ዋቅጅራን አየች፣ ከዚያ አፀደን። ሲገባት ፊቷ ላይ ታየ። መግቢያው ሲጀመር የደነገጠችውን፣ በርቺ ተብላ ራስ የተነቀነቀላትን፣ ሁሉን አንድ በአንድ ገጣጠመችው።  አሁን ትናገራለች፣ አሁን ሁሉም ያውቃል አለች አፀደ በልቧ። ከዚህ ጉባኤ ወዴት ይኬዳል?

"አዎ" አለች ስሂን። "እኔ ነኝ ያልኳቸው። ደፍሬ ነው፤ ገና አልደረስኩም ነበር።"

ጋሽ ዋቅጅራ አይ ልጅነት ብለው ሳቁ። ሌላውም ሳቀ፤ ነገሩ አለፈ። ለአፀደ ግን አላለፈም። በድምፅ መበለጧን እያረረችም ቢሆን ችላው ነበር፤ ድምፅ ስጦታ ነው፣ ጌታ ለወደደው ይሰጣል። ይሄኛውን ግን ምን ትበለው? ልጅቷ በአንዲት ቃል ከነነፍሷ በለጠቻት። ያን ሰዓት የቀናችባትን ያህል ከገና ጀምሮ ቀንታባት አታውቅም።

አፀደ አፏን ከፍታ የተናገረችው ሌላ ማለት ስላቃታት ነው። ሶሎው የስሂን ነው፣ ካሴቱም ላይ እሷ ትዘምረው፣ በዚያው ኪ፣ እኔ በአዝማቹ እቀበላታለሁ አለች። ፓስተር በፈቃዱ ዓይናቸው ዕንባ ሞላ። እንዲህ ያለ ትሕትና አሉ። መዘምራኑም ትሕትና፣ ትሕትና አሉ። እያንዳንዷ ትሕትና እንደ ጥፊ አረፈችባት።

ስሂን በወሩ ፎልስ ቸርች በምትባል ከተማ ከሁለት ሴቶች ጋር ክፍል ተጋርታ ከአፀደ ቤት ወጣች። ለቅዳሜው ትምህርቴ ይቀርበኛል አለች። የተኛችበትን ብርድ ልብስ አጥባ አጣጥፋ ሶፋው ላይ አስቀመጠች፤ ካፖርቱን ለብሳ ጉንጭ ለጉንጭ ሳመቻት፤ ስለ ኪው ቃል አልተነፈሰችም። አፀደም አልተነፈሰችም። ምነው በሰደበችኝ አለች በኋላ ለብቻዋ፤ ስድብ መልስ አለው።

የበጋው ሙቀት ሲጀምር ቀረጻው ደረሰ። አንድ ወንድም ቤዝመንቱን በካርቶንና በአሮጌ ምንጣፍ ጠቅጥቆ ስቱዲዮ አድርጎታል። ማይክሮፎኑ አንድ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ዙሪያውን ይቆማል፤ አንድ ሰው ቢሳሳት ሁሉም ከሥር ይጀምራል። ስሂን መሐል ቆመች። አፀደ ከጎኗ ቆመች፣ ትከሻ ለትከሻ። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ያን ቀን አፀደ የመጣችው ድምፁ ዳግመኛ ሲሰበር ልትሰማ ነው። ጸልያበታለች አይባልም፤ ግን ተመኝታዋለች።

አኮርዲዮኑ ጀመረ። ልጅቷ በሚስስ ሆልትካምፕ ቅዳሜዎች ጠንክራለች፤ የመጀመሪያውን ዙር አለፈችው። ሁለተኛው ዙር መጣ፤ ሦስተኛው ስንኝ ቀረበ። ከሁሉ ሰው መካከል አፀደ ብቻ ሰማች፤ ስሂን ፋሲካን አስታውሳ ትንፋሿን አሳጠረች፣ ትከሻዋን ሰቀለች፣ በዚህ ትንፋሽ እዚያ አይደረስም። ልትሰበር ነው ማለት ነው። ይኸው የተመኘችው ነገር፣ ያለ ምንም ተንኮል፣ በራሱ ጊዜ መጣላት። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት።

"አይዞሽ" አለች።

ከየት እንደወጣባት አታውቅም። በሹክሹክታ ነው፣ በስሂን ጆሮ ሥር ነው። ልጅቷ ትከሻዋን አወረደች፤ ከታች ሳበችና ወጣች፤ "ተነሥቷል" ጥርት ብሎ ከቤዝመንቱ ጣሪያ በላይ ሄደ። የአዝማቹ ተቀባዮች ሊገቡበት የሚገባውን ቦታ ረስተው ዘግይተው ገቡ።

ሲያልቅ ቀራጩ ወንድም ቴፑን መልሶ አዳመጠና፣ አንድ ሰው መሐል ላይ ተናግሯል፣ ድምፁ ገብቷል፣ ከሥር እንጀምር አለ። ማን ነው የተናገረው ብለው ተያዩ። አፀደ ወለሉን አየች።

ስሂን ተዉት አለች። በሌላ ጊዜ አልደርስበትም፣ እንዳለ ይቀመጥ አለች፤ ይህን ስትል ወደማንም አላየችም።

እንዳለም ወጣ። ካሴቱ በርክ ደረሰ፣ ጀርመንታውን ደረሰ፣ ባሕር ተሻገረ። ስሂን የምትባል ዘማሪት አለች ተባለ፤ ከየከተማው ትምጣልን እያሉ ኮል የሚያደርጉት አሁን ለእሷ ነው። አፀደ ዝናው በተወራ ቁጥር አሁንም ትቀናለች፤ ቅናት በአንድ ቀን የሚለቅ በሽታ አይደለም። በጥሞና የሚያዳምጡ ሰዎች ደግሞ፣ ከዚያ ከፍ ካለው ቦታ በፊት ቀስ ብላ አይዞሽ የምትለው ሴት ማናት ብለው ይጠይቋታል። በዚያ ካሴት ላይ የአፀደ ድምፅ ለብቻው የሚሰማው እዚያች አንዲት ቃል ላይ ብቻ ነው።

እኔ እንጃ ትላቸዋለች።